ሥላሴን በእጅ ለመናገር

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ስም የሚያወጡት በዓይናቸው ባዩት ነገር ነው። መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ማን ያስታውሰዋል? ቅንድቡ የተጋጠመ ሰው ከሆነ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አግድም ያሳልፉና ያው ስሙ ሆኖ ይቀራል። ማንም አይቀየምም። የዚህች ሴት ስም ግራ ጉንጭን በአመልካች ጣት ወጋ ማድረግ ነው፤ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳልና። ወደ አፍ ሲመለስ «ስርጉዷ» ማለት ነው። እኛም እንደዚያው እንላታለን።

የስርጉዷ ጆሮ ደህና ነው። መስማት የማይችሉት እናቷና አባቷ ነበሩ። አባቷ ሶፋ አዳሽ ነበር፤ የጎደጎደ ሶፋ ተቀብሎ ስፖንጁን ይቀይርና ጨርቁን ወጥሮ፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ዙሪያውን ይመታል። ጨርቁን የምትሰፋለት እናቷ ናት። ሌላው ልጅ አፉን ሲፈታ ስርጉዷ እጇን ፈታች። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ የቤቱ ጆሮም አፍም እሷ ሆነች፤ ሐኪሙ የሚለውን ለእናቷ፣ የእናቷን ቁጣ ለቤት አከራያቸው ታደርሳለች። ቁጣውን ግን መንገድ ላይ ታለዝበው ነበር። እናቷ «እጄን አምስት ጊዜ ወረወርኩ፤ ለሱ ግን አንድ ቃል ነው የነገርሽው» ስትላት፣ «አጭር ነው ቋንቋቸው፣ እማ» ትላለች።

አድጋ መነጽር ቤት ገባች። የመነጽር እግር በሙቅ አየር አለስልሳ ከሰው ጆሮ ጋር ማስማማት፣ የላላች ብሎን ማጥበቅ፣ «ይኼ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለች መስታወት ማቀያየር ትወዳለች። ያገባችው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ በእጁ ግን ኮልታፋ። ሊጠይቃት የመጣ ቀን ለአባቷ «ልጅዎን እወዳታለሁ» ሊል ሲለማመድ ሰንብቶ፣ እጁ ደረቱ ላይ መሆን ሲገባው ሆዱ ላይ ስላረፈ «ልጅዎን ተርቤያለሁ» አለ። አባቷ ከሶፋው ላይ እስኪንሸራተት ሳቀና «ይኼ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል» ብሎ ፈቀደ። አባትየው ካረፈ ወዲህ እናትየው ከነሱ ጋር ትኖራለች።

እሁድ እሁድ ስርጉዷ ቤተ ክርስቲያን ከመምህሩ ጎን ቆማ ታስተረጉማለች። በግራ በኩል ያሉት የፊት ወንበሮች የእነሱ ናቸው። እዚያ እናቷ ትቀመጣለች፤ ከእናቷ ቀጥሎ «ብልጭታ» የሚሉት ብየዳ ሠራተኛ፣ ከሱ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋው «ረጅሟ»፣ ከዚያ ሌሎቹ። ዝማሬው ሲነሣ የእንጨቱን ወለል በጫማቸው ያዳምጡታል። ስብከቱን ግን የሚያገኙት ከስርጉዷ እጅ ብቻ ነው፤ ያልነገረቻቸው አልተነገረም፣ አጣምማ የነገረቻቸውም ተጣሞ ይገባል።

ይኼን በደንብ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አንድ እሁድ መምህሩ ስለ ሥላሴ አስተማሩ። ስርጉዷ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አደረገች። አብን በቀኝ በኩል አስቀመጠችው፣ ከፍ አድርጋ። ወልድን በግራ፤ ወልድ ማለት ልጅ ነውና መዳፏን ዝቅ አድርጋ የልጅ ቁመት እንደሚለካ ሰው። መንፈስ ቅዱስን ከራሷ በላይ፣ ጣቶቿን እያርገበገበች። መምህሩ «ሦስት አካል» ሲሉ ሁለት እጇን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ወደ ታች አወረደች፤ ሰውነት ማለት ነው። ይኼንኑ በቀኝ፣ በግራ፣ በላይ ደገመችው። «አንድ አምላክ» ሲሉ ደግሞ አንድ ጣቷን አነሣች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትምህርቱም አለቀ።

ግቢው ውስጥ ብልጭታ መጣና ክንዷን ነካ አደረጋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትስቂ» አለ በእጁ።

«አልስቅም።»

«ብየዳ ቤቴ ጣሪያው ያፈሳል። ዝናቡ እንዲያቆምልኝ አብን ነው የምለምነው፤ ትልቁ እሱ ነው። እሳቱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ወደ ወልድ እሄዳለሁ፤ ዓይን የሚያበራ እሱ ነውና። ሦስተኛውን ግን ምን እንደምጠይቀው አላውቅም። ሥራው ምንድን ነው? ዝም ስላልኩት እንዳይቀየመኝ ፈራሁ።»

ስርጉዷ ጉንጯ ሊሰረጉድ ጀምሮ ቀጥ አለ። «ሦስት አምላክ ነው ያለው ብለህ ነው እንዴ የምታስበው?»

ብልጭታ ደነገጠ። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽው? አንዱን እዚያ፣ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እላይ አስቀመጥሽልን። ለያንዳንዳቸውም ሰውነት ሠራሽላቸው። መጨረሻ ላይ ‹አንድ› ትያለሽ፤ እሱን እንደ ደጋግ ወንድማማቾች ይስማማሉ ማለትሽ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንዲያውም ይገርመኝ ነበር፤ እነሱ ሦስት ሙሉ አካል አላቸው፣ እኛ መታወቂያችን ላይ ሳይቀር አካል ጉዳተኞች ነን።»

ረጅሟ ከበስተጀርባው ሆና ንግግሩን ሁሉ አይታለች፤ ከሷ ቁመት የሚደበቅ ወሬ የለም። «ኧረ ተሳስተሃል! አንድ ነው፣ አንድ ብቻ» አለች በመሃላቸው ገብታ። «መምህሩ ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ ሰው ቤቱ ሲገባ አባት ነው፣ ሥራ ቦታው መሐንዲስ ነው፣ ጎረቤት ሲሄድ ጓደኛ ነው። ልብስ መቀየር ነው እንጂ ሰውየው ያው ነው። ልብስ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ወልድ ሲጸልይ ለማን ነበር የሚጸልየው? ለራሱ?»

«ምን አለበት? እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ጋር በእጄ አወራለሁ።»

ይኼን ጊዜ እናትየው ጉልበቷን እያሻሸች ከአግዳሚው ተነሥታ ደረሰች። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፤ እጇ ግን ፈጣን ነው። «ሁለታችሁም አቁሙ። ነገሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ አብ ብቻውን ነበር። ቆይቶ ልጅ ወለደ። ልጅ ደግሞ ካባቱ ያንሳል፤ ቁመቱን ስታሳየን አላያችሁም እንዴ? እስከዚህ ነው የሚደርስ።» መዳፏን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ አቆመችው።

ሦስቱ በአንድ ጊዜ መከራከር ጀመሩ። ስድስት እጅ አየሩን ሲቆርጠው ስርጉዷ መሃል ላይ ክው ብላ ቀረች። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ያምናሉ። ሦስቱንም ያስተማረቻቸው ይኸው የሷ እጅ ነው።

ቤት ስትገባ እንጀራውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። ባሏ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። አሰብ አደረገና፣ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ብሆን እየሰማሁ ያደግሁት እንደ ብልጭታ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፤ እንዲያ ነው የሚታየኝ። እኔን ደግሞ አንቺ አላስተረጎምሽልኝም» አላት። ይኼ ትንሽ አጽናናት፤ ትንሽ ደግሞ ጭራሽ አስፈራት።

በማግስቱ መምህሩ ራሳቸው መነጽር ቤት መጡ። የመነጽራቸው ብሎን ሁሌ ትላላለች፤ እያነበቡ ስለሚያሽከረክሯት ነው። ወንበር ሰጠቻቸውና መነጽራቸውን ተቀብላ ትንሿን መፍቻ አነሣች። ከዚያ ዓይኗን ከብሎኑ ሳታነሣ የግቢውን ክርክር ከነቀልዱ አወራቻቸው። ቀና ብላ ማየት አልደፈረችም።

መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ስትጨርስ፣ «እስቲ ‹አካል› ስል የምታሳዪውን አሳዪኝ» አሉ።

እጇን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አወረደች።

«አላየሁሽም እኮ፤ መነጽሬን ስጪኝ ልጄ።»

አደረገችላቸው፤ ደገመችው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ሳቃቸውን ዋጡ።

«ይቺ ቃል ናት ያጠፋችን» አሉ። «ሰው በሰፈሩ አካል ሲል ሥጋና አጥንት ማለቱ ነው። እኛ ሦስት አካል ስንል ግን ሥጋ ቆጥረን አይደለም። አብ ‹እኔ› ይላል። ወልድም ‹እኔ› ይላል። አንዱ ሌላውን ‹አንተ› ይለዋል። መንፈስ ቅዱስም እንደ ንፋስ ዝም ብሎ የሚነፍስ ኃይል አይደለም፤ ይናገራል፣ ያዝናል፣ ይልካል። ‹እኔ› ባይ ሦስት ነው፤ አምላክነቱ ግን አንድ ነው። ፈቃዱ አንድ፣ ሥልጣኑ አንድ። ለዝናብ አንዱ፣ ለዓይን ሌላው ተብሎ ሥራ አይከፋፈልም።»

«ረጅሟስ?»

መምህሩ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እሷ እንኳ የኔው ናት። ያንን የመሐንዲስ ምሳሌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለአንድነቱ ስቸኩል ሦስቱን አጠፋኋቸው። በሚቀጥለው አርመዋለሁ።»

«እናቴ ደግሞ ‹ቆይቶ ወለደ› ትላለች።»

«ሰው ሲወልድ እንደሱ ነው፤ አባት ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል። እዚያ ግን በፊትና በኋላ የለም። እስቲ ጠይቂያት፤ ልጅ የሌለው ሰው አባት ይባላል? አይባልም። አብ ደግሞ አባት ያልነበረበት ጊዜ የለም። እንግዲያ ወልድም ያልነበረበት ጊዜ የለም ማለት ነው። መዳፍሽን ዝቅ ካደረግሽ ግን ይኼ ሁሉ ፈረሰ።»

ስርጉዷ መፍቻዋን አስቀመጠች። ከትናንት ጀምሮ ስታብሰለስለው የነበረውን ጥያቄ አወጣችው። «አባቴስ? ከኔ እጅ ሌላ አስተማሪ አልነበረውም። ሲሞት ምን ይዞ ሄደ?»

መምህሩ የመነጽራቸውን ብሎን ማሽከርከር ጀመሩ። «ሲጸልይ አላየሁትም» አሉ። «ያየችውን እናትሽን ጠይቂ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሁላችሁም ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለው ክፍል ኑ። አብረን እንሥራው።»

ያ ክፍል ትርፍ ወንበር የሚደረደርበት ነው። ቅዳሜ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ተቀመጡ፤ ክብ ካልሆነ መስማት የማይችል ሰው ሁሉንም እጅ ማየት አይችልም። መምህሩ ሳይቀመጡ፣ «ዛሬ የመጣነው ምሳሌ ልንሰብር ነው። ያላችሁን አውጡ፤ የኔንም ጨምሬ እሰብራለሁ» አሉ። ስርጉዷ አስተረጎመች።

ረጅሟ ውሃ አመጣች፤ በረዶም ይሆናል፣ እንፋሎትም ይሆናል፣ ያው ውሃ ነው። መምህሩ «ያቺው አንዲት ኩባያ ውሃ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም ትሆናለች?» ሲሏት አሰበችና «አንዱን ስትሆን ሌላውን ትተዋለች» አለች። ራሷ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ልብስ መቀየሩ በሌላ በር ዞሮ እንደገባ ገብቷታል። መምህሩ የራሳቸውን እንቁላል አወጡ፤ ቅርፊት፣ ነጭ፣ አስኳል። ከዚያ «ቅርፊቱ ብቻውን እንቁላል ነው? አይደለም፤ ቁራጭ ነው። ወልድ ግን የአምላክ ቁራጭ አይደለም፤ ሙሉ አምላክ ነው» ብለው ራሳቸው ሰበሩት።

ብልጭታ ሦስት ጣቱን ዘረጋ። «ሦስት ጣት፣ አንድ እጅ።» ወዲያው አንደኛው ጣቱ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ጫፉን ማሽን ከበላው ቆይቷል። ጣቱን ወደ ሁሉም እያዞረ አሳየና «ተውት፣ እኔ ጋ አይሠራም» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተንከተከተ፤ መምህሩ ትርጉሙ እስኪደርሳቸው ቆይተው ብቻቸውን ኋላ ሳቁ።

«ምሳሌ ሁሉ ያነክሳል» አሉ። «በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ካወቃችሁ አይጥላችሁም።»

ከዚያ በኋላ ምልክቱን ራሱን ያዙ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። እናትየው ተነሥታ የልጇን ዝቅ ያለ መዳፍ በገዛ እጇ ከፍ አደረገችው፤ ከአብ እኩል እስኪሆን። «ከአባቱ እኩል» አለች። የመምህሩን ጥያቄ ስርጉዷ ቀድማ ቤት ነግራት ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ስታላምጠው ሰንብታለች። ‹አካል› የሚለውንም ጣሉት፤ በሱ ቦታ ደረትን በጣት መንካት፣ ‹እኔ› ማለት፣ ገባ።

ቀጥሎ ግን ተጣሉ። ሦስቱን በሦስት ቦታ ካስቀመጠቻቸው ብልጭታ ሦስት አምላክ ያያል። አንድ ቦታ ላይ ከደራረበቻቸው ረጅሟ እመር ብላ ትነሣለች፤ «አላልኳችሁም? አንዱ ነው፣ ስሙን ነው የሚቀያይረው!» ርቀት ሳይኖር ልዩነትን ማሳየት፣ ልዩነት ሳይጠፋ አንድ ማድረግ፤ እጅ ይኼን እንዴት አድርጎ ይችለዋል? ስርጉዷ ሞከረች፣ ፈረሰ። ደግማ ሞከረች፣ ላብ አጠመቃት። ብልጭታ «ብረት ቢሆን በየድሁት ነበር» አለ።

እናትየው እስከዚህ ድረስ ጉልበቷ ላይ እጇን ጭና ታይ ነበር። ዕድሜ ልኳን የሶፋ ጨርቅ ስትሰፋ ግራ እጇ ከጨርቁ ጠርዝ ስለማይላቀቅ ከባሏ ጋር የምታወራው በቀኝ እጇ ብቻ ነበር። አሁንም እንደዚያው አደረገች። ግራ እጇን ደረቷ ፊት አቁማ አንድ ጣት አነሣች፤ አንድ። አላወረደችውም። አንዱ እንደቆመ በቀኝ እጇ ‹አብ› አለች፣ እዚያው አጠገቡ። ‹ወልድ› አለች፣ በዚያው ከፍታ። ‹መንፈስ ቅዱስ› አለች። ስሙ በተጠራ ቁጥር ትከሻዋን ለስለስ አድርጋ ወደ ሌላው አዞረች፤ በነሱ ቋንቋ ‹ይኼኛው ለዚያኛው እየተናገረ ነው› ማለት ነው። ግራ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አንድን አትልቀቂው» አለቻት ለልጇ። «ሦስቱን ስትጠሪ ይዘሽው ቆዪ። ይኼው ነው።»

ብልጭታ ረጅሟን አያት፣ ረጅሟ ብልጭታን አየችው። ከዚያ ሁለቱም የራሳቸውን ግራ እጅ አነሡና ሞከሩት።

መምህሩም መጽሐፋቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሞከሩ። ግራቸው ከቀኛቸው ጋር እየወረደ አስቸገራቸው። «እኔ በአፌ ‹አንድ› ስል ‹ሦስት› ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል» አሉ። «‹ሦስት› ስል ደግሞ ‹አንድ› ሾልኮ ይወጣል። እናንተ ሁለቱን ባንዴ ማለት ትችላላችሁ?» ከዚያ እንዳይረሱት ጣታቸውን አነሡ። «ይኼም ግን ምሳሌ ነው። ይኼም ያነክሳል።»

እናትየው ትርጉሙ ሲደርሳት ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። «እኔም አነክሳለሁ። ግን እደርሳለሁ።»

ሲመለሱ የተሳፈሩት ባሏ የሚነዳውን አውቶቡስ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። ስርጉዷ ወደ እናቷ ዞራ ጠየቀቻት።

«አባዬ ሲጸልይ ምን ይል ነበር፣ እማ?»

እናቷ ግራ ገባት። «ምን ብዬ አውቃለሁ? ዓይኑን ይጨፍን ነበር።»

«እና?»

«እናማ አስቢው! እኛ ዓይናችንን ስንጨፍን ቋንቋ የለም። የማንንም እጅ አናይ፣ ያንቺንም አናይ። እሱ ግን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሲገልጥ ፊቱ የታጠበ ይመስላል። ከማን ጋር እንደነበረ እኔ አልጠየቅሁትም፤ ያ ያናገረው ግን የሶፋ አዳሽ ምልክት ተሳሳተ ብሎ ፊቱን የሚያዞር አይመስለኝም።»

ስርጉዷ እንባዋ መጣ። ባሏ በመስታወቱ አይቷት «ምን አለችሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። «ምንም፣ መንገዱን እይ!» አለችው። እናቷ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ አቀበለቻትና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

በሚቀጥለው እሁድ ስርጉዷ ወደ ፊት ወጣች። መምህሩ ስለ መሐንዲሱ ምሳሌ ይቅርታ ጠይቀው ትምህርቱን ደገሙት። እሷም ግራ እጇን አነሣች፤ አንድ። ቀኟ ሦስቱን ጠራ። በግራ በኩል ካሉት ወንበሮች አንዳንዶቹ ግራ እጃቸውን አንሥተው አብረዋት ያዙ። ስርጉዷ እንደ ዘፈን አዝማች የሚቀበላት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ግቢ ውስጥ ብልጭታ እንደ ልማዱ ክንዷን ነካ። «ታዲያ ለጣሪያው አሁን ማንን ልጥራ?»

«ከሦስቱ የፈለግኸውን ጥራ። ሌላው አይቀየምም።»

ፊቱ በራ። «ይኼን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ! ስንት ጊዜ ነው ተራ ስጠብቅላቸው የከረምኩት?» ከዚያ ሰኞ ጣሪያውን ራሱ ወጥቶ በየደው።

ረጅሟ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠችም። ለብዙ ሳምንት ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጣ ግራ እጇን እያነሣች ስትመረምር ታየች። አንድ ቀን መነጽር ቤት ድረስ መጥታ፣ «ገና አልገባኝም። ግን አሁን ያልገባኝ ራሱ ነገሩ ነው፤ ድሮ የገባኝ ሌላ ነገር ነበር» አለች። ስርጉዷ ለመምህሩ ስትነግራቸው «እኔም ከዚያ አላለፍኩም» አሏት።

በቀኝ በኩል የሚቀመጡት ሰሚዎችም ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ከመምህሩ አፍ ወደ ስርጉዷ እጅ ማሻገር ጀመሩ። አንዲት ጎረቤት «እኔ እኮ አብ፣ እናትና ልጅ ይመስሉኝ ነበር፤ ለሰው ልናገር አፍሬ ነው የኖርኩት» ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ባሏም ያ ጠረጴዛ እንደጠፋበት ነገራት፤ በምትኩ ምን እንደሚታየው ስትጠይቀው «ምንም አይታየኝም፣ ደስ ይላል» አላት። የቅዳሜው ክበብ ወንበር እየጨመረ ሄደ፤ ሰሚዎቹ እንደ ልጅ ‹እንጀምር› የሚለውን ምልክት ከእናትየው ይማራሉ። እሷም ጣታቸው ሲወላገድ እጃቸውን መታ ታደርጋለች።

አሁን ‹ጸጋ› የሚለው ቃል ላይ ደርሰዋል። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ስጦታ ነው ብለው ጀመሩ፤ ብልጭታ እጁን አነሣ። «ሳልጠይቅ የሚሰጠኝን ሁሉ እኔ እጠረጥራለሁ። አንድ ደንበኛ በር በነጻ ውሰድ ብሎ ሰጥቶኝ፣ በውለታው የቤቱን ብየዳ ሁሉ በነጻ ልሸከም ነበር» አለ። ረጅሟ ተቃወመች፣ እናትየው ሁለቱንም ተቃወመች፣ መምህሩ እንደገና መጽሐፋቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። ስርጉዷ መሃል ላይ ቆማ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ማን እንደሚያሸንፍ በጉጉት ታያለች።